የጋሼ ካልሲ

ከምሠራበት የዱከም ፋብሪካ ፖሊሶች የያዙኝ የምሳ ሰዓታችን ይርዘም ብዬ የሠራተኛ ፊርማ ስላሰባሰብኩ ነው። "ሁከት ማነሳሳት" አሉት። አዳማ ፖሊስ ጣቢያ አምጥተው ከአርባ እስረኛ ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ጨመሩኝ። በሩ ሲከፈት ቀድሞ የተቀበለኝ ሽታው ነበር፤ ላብ፣ ሽንት፣ ደግሞ የጥብስ ሽታ።

ጥብሱ የአንድ ባለመጋዘን ነው። ከሹም ጋር በመሬት ተጣልቶ የገባ ሰውዬ ነው፤ ሁሉም "ጋሼ" ይለዋል። መስኮቱ ሥር ፍራሽ አንጥፎ ከሆቴል የሚመጣለትን ብቻውን ይበላል። እንብላ ማለት አያውቅም። ሲጠግብ ሳህኑን በእግሩ ገፋ ያደርገዋል።

እኔ ጠያቂ አልነበረኝም፤ ባለቤቴ የት እንደወሰዱኝ አታውቅም። በሁለተኛው ቀን ጋሼ ካልሲውንና የውስጥ ሱሪውን ወረወረልኝ። አጠብኩለት፤ ትራፊውን በላሁ። እንዲህ ሦስት ቀን ሆነ። ጀግናው ፊርማ አሰባሳቢ።

አጠገቤ የወለንጪቲ ገበሬ የሆኑ ሽማግሌ ነበሩ፤ መሬቴን ለባለሀብት አልለቅም ብለው የታሰሩ። ከፖሊስ ዳቦ ሌላ የሚቀምሱት የላቸውም።

በአምስተኛው ቀን የሆቴሉ ምግብ ቀረ። ባለመጋዘኑ በር በሩን ሲያይ ዋለ። ሽማግሌው ዳቧቸውን ለሁለት ከፈሉና ግማሹን ዘረጉለት።

"እንብላ፣ ልጄ።"

ሰውዬው ዳቦውን አይቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ግማሹን ለእኔ ሰጡኝ። እኔ ግን ተናድጄ ነበር፤ ለዚህ ሰው ለምን ብዬ ጠየቅኳቸው።

"ርቦታላ" አሉኝ።

በማግሥቱ ጥብሱም ካልሲውም መጣ። ካልሲውን ከነቆሻሻው አጣጥፌ ፍራሹ ላይ አስቀመጥኩ።

"ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ አላጥብልዎትም።"

የእስረኞቹ አለቃ፣ የክፍሉ ካቦ፣ የሱ ሰው ስለነበር ወዲያው ሽንት ቤቱ በር ላይ መደበኝ። እስክፈታ እዚያው ተኛሁ።

ባለመጋዘኑ በሳምንቱ ወጣ። እኔ ስፈታ ሽማግሌው ገና እዚያው ነበሩ። ፋብሪካው አልመለሰኝም፤ አሁን አዳማ ባጃጅ እነዳለሁ። ባለመጋዘኑን ዛሬም እጠላዋለሁ፣ አልዋሽም። ይበልጥ የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው፤ ያን ጥብስ ስበላ አጠገቤ ለተቀመጡት ሽማግሌ አንድ ቀን እንኳ እንብላ አላልኳቸውም።