የመብራት ዋስ

ሰው በዕዳ ይታሰራል፣ በነፍስ ይታሰራል። እኔ የታሰርኩት በአምፖል ነው። ይህን ስናገር የማይስቅ ሰው አላጋጠመኝም። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ እኔም አንዳንዴ እስቃለሁ፣ አንዳንዴ ደግሞ ንድድ ይለኛል።

ምጽዋ ወደብ ላይ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበርኩ። እዚያ ሽቦ መንካት ቀልድ አይደለም። የባሕሩ ጨው ሽቦውን ይበላዋል፣ የተበላ ሽቦ ደግሞ ሰው ይበላል። ስለዚህ ተፈትኖ ፈቃድ ያላወጣ ሰው ፒንሳና ካቻቢቴ ይዞ ሰው ቤት አይገባም። ቤቱም ሽቦ ከመዘርጋቱ በፊት ለብቻው ፈቃድ ይወጣለታል፤ ሲያልቅ ተቆጣጣሪ መጥቶ ያየዋል። ዋጋውም የታወቀ ነው፤ ለአንድ አምፖል ይህን ያህል፣ ለአንድ ማብሪያ ማጥፊያ ይህን ያህል፣ ጣሪያው ከፍ ካለ ጭማሪ አለው። የእኔ ፈቃድ ፎቶግራፌ የተለጠፈበት፣ በየዓመቱ ጥር ላይ የሚታደስ ወረቀት ነበር። ከደረት ኪሴ አይለይም።

እናቴ አርፋ ለተዝካሯ ወደ አገሬ የመጣሁት መስቀል እንዳለፈ ነው። ሚስቴን እዚያው ትቻት መጣሁ። አርግዛ ነበር፤ ደግሞም በርሃ ተወልዳ ያደገች ናትና የእኛን ብርድ አትችለውም። ሳምንት ሰንብቼ እመለሳለሁ አልኳት። ተዝካሩን የደገሱት ዘንገና ሐይቅ አጠገብ የሚያርሱት አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። በአገውኛም በአማርኛም የማይረቱ፣ ከተናገሩ የማይመለሱ ሰው ነበሩ።

ዳንግላ ላይ ደግሞ አንድ ባለ ወፍጮ ነጋዴ ነበሩ። ከአሥመራ ዲናሞ አስመጥተው፣ በወፍጮው ሞተር ቀን እህል ሊያስፈጩ፣ ማታ ቤታቸውን ሊያበሩ አስበዋል። ዲናሞው በጆንያ ተሸፍኖ ተቀምጧል፤ የሚገጥመው ሰው ጠፋ። የምጽዋው ልጅ መጥቷል ሲባሉ በቅሎ ሰደዱልኝ።

የጥቂት ቀን ሥራ ነው። ዘርግቼ፣ አብርቼ፣ ምርቃቴን ተቀብዬ በመጀመሪያው ካሚዮን መሄድ እችል ነበር። ማን ጠየቀኝ? ሳይቸግር ጤፍ ብድር! ደረቴን ነፍቼ፣ ያለ ፈቃድ ሽቦ አይነካም፣ መጀመሪያ ከሹሙ ፈቃድ ይውጣ አልኩ። ዋጋ ሲጠይቁኝም በአምፖል ቁጥር ነው ብዬ ኮራሁባቸው። ነጋዴው፣ ብርሃንም እንደ ዳጉሳ ይሰፈራል እንዴ ብለው ሳቁብኝ።

ሹሙ ዘንድ ሄድን። የጠመንጃ ፈቃድ ያውቃሉ፣ የመጠጥ ቤት ፈቃድም ያውቃሉ፤ የሽቦ ፈቃድ ግን ሰምተው አያውቁም። ጸሐፊያቸውን ጠሩት። ጸሐፊው ብዕሩን ይዞ ብዙ ካሰበ በኋላ የሚያውቀው ነገር ላይ ደረሰ። በእኛ አገር ሰው ከሹም ፊት አንድ ነገር ተፈቅዶለት ሲወጣ ዋስ ይጠራል፤ ከእስር የሚፈታም፣ አደራ የሚረከብም ዋስ ይጠራል። መብራቱ ቤት ቢያቃጥልስ ማን ይጠየቃል አለ። ለነገሩ እውነቱን ነው። እናም ልክ እስረኛ በዋስ እንደሚለቀቅ አድርጎ ጻፈው፣ ጮክ ብሎም አነበበው። ሠራተኛው መብራቱ እስካለ ድረስ ከአገው ምድር እንዳይወጣ፣ ኮብልሎ ቢጠፋ ዋሱ በአካሉና በበሬዎቹ እንዲጠየቅ ይላል።

እኔ በሆዴ እየሳቅኩ ነበር፤ ለወግ ያህል ነው ብዬ። አጎቴ ግን አልሳቁም። የእህታቸው ልጅ ፈቃድ ሲያወጣ ለዋስነት መጠራታቸው ትልቅ ክብር ሆኖባቸው፣ ለክት ያስቀመጡትን ጋቢ ለብሰው ከዘንገና ድረስ መጥተው ጣታቸውን አተሙ።

መብራቱ በራ። የዳንግላ ሰው በነጋዴው ደጅ ቆሞ አየ፣ ተደነቀ፣ አመሰገነ። ነጋዴው ለሹሙም ቤት ሁለት አምፖል ዘርጋላቸው አሉኝና ዘረጋሁ። አይ እጄ! እነዚያን ሁለት አምፖሎች ሳስብ ዛሬም ጣቶቼን መቁረጥ ያምረኛል።

ልሰናበት ስሄድ ሹሙ ወዴት ነው አሉኝ። ወደ ሚስቴ፣ ወደ ሥራዬ አልኩ።

«መብራቱ አለ?» አሉኝ።

«አለ ጌታዬ።»

«እንግዲያው አንተም አለህ።»

ቀልድ መስሎኝ ፈገግ አልኩ። እሳቸው ፈገግ አላሉም። የወፍጮውን ሠራተኛ አስተምሬው ልሂድ ብል፣ ፈቃድ አለው ወይ አሉኝ። የለውም። ያለ ፈቃድ ሽቦ አይነካም ያልከው አንተው አይደለህም ወይ አሉ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ማለት ይኸው ነው። ጥር ሲገባ ደግሞ ብልሃት ያገኘሁ መሰለኝ። የምጽዋው ፈቃዴ ሳይታደስ ቀርቶ ወድቋል፤ ከእንግዲህ እኔም እንደማንም ሰው ነኝ፣ ሽቦ መንካት አልችልም ብዬ ቀረብኩ። ሹሙ በደንብ አዳመጡኝ፣ ከዚያም፣ የምጽዋው ቢወድቅ የእኛው ፈቃድ አለህ፣ ምን አሳሰበህ ብለው አጽናኑኝ። አጽናኑኝ እኮ ነው የምላችሁ!

ሰንሰለት የለብኝም፣ ዘበኛ የለብኝም። ሰው ይወደኛል፣ ማር ይልክልኛል፣ በየድግሱ ከሽማግሌዎች ጎን ያስቀምጠኛል። ወደ ባሕር ዳር የሚያልፍ ካሚዮን ባየሁ ቁጥር ግን አቧራው እስኪሰወር ቆሜ እሸኘዋለሁ። መጥፋቱንማ በአንድ ሌሊት እጠፋለሁ። ግን እኚያ ሽማግሌ አጎቴ በእኔ ፋንታ ታስረው በገበያ መሃል ሲነዱ ይታየኛል፤ በሬዎቻቸው ሲወሰዱ ይታየኛል። ሞተሩን ሰብሬ ከመብራቱ ልገላገል ብዬም አስቤ ነበር። ግን የሞተሩም ዋስ እሳቸው ናቸው።

ከአሥመራ የሚመላለስ አንድ ሾፌር የሚስቴን መልእክት አመጣልኝ። የምትወልደው ለፋሲካ ነው። እስከዚያ ድረስ እጠብቀዋለሁ፤ ልጁ ተወልዶ አባቱ ካልመጣ ግን ከዚያ ወዲያ ቢመጣም በሬን አልከፍትለትም በልልኝ ብላለች። ሚስቴን አውቃታለሁ። ካለች አለች ነው።

ለአጎቴ ነገርኳቸው። መናገር አልነበረብኝም። በትራቸውን መሬት ላይ ቸከሉ።

«ሂድ» አሉኝ። «እኔ እታሰራለሁ። ዋስ ለመቼ ነው?»

«አንቱን አሳስሬ ልጄን በየትኛው እጄ ላቅፍ?» አልኳቸው።

ሁለታችንም አለቀስን። አልሄድኩም።

በሁዳዴ፣ ለፋሲካ ሁለት ሳምንት ሲቀር፣ አጎቴ ታመው ብዙም ሳይቆዩ አረፉ። እንደ አባቴ ናቸው፤ ከልቤ አለቀስኩ። ጸሐፊው ሊያስተዛዝነኝ መጣና ቀስ ብሎ፣ ዋስህ ሞቷል፣ ሌላ ዋስ ካልቆመ ውሉ ፈርሷል፣ እግዜር ያጽናህ አለኝ። እያለቀስኩ ልቤ ምጽዋ ገባ። ምን ላድርግ፣ ገባ! ሾፌሩ ከሣልስቱ ማግስት በዳንግላ ያልፋል። ጋቢናው ውስጥ ቦታ እንዲይዝልኝ ላኩበት፤ ዕቃዬንም ሸክፌ ወፍጮ ቤቱ ደጅ አስቀመጥኩ።

ሣልስቱ ዘንገና ዋለ። በእኛ ዘንድ በሣልስት ቀን ሽማግሌዎች፣ ከሟች ላይ ዕዳ ያለው፣ አደራ ያለው ይናገር ይላሉ። ልጅ ያለው ሟች ነፍሱ በአደራ እንዳትያዝ ልጁ ተነሥቶ ይቀበላል። ሽማግሌው ጠየቁ፣ ማንም አልተናገረም። አሁን ይበተናል ስል የአጎቴ የበኩር ልጅ ብድግ አለ። አብረን ያደግን ነን፤ ከወንድምም በላይ ነው። ዓይኑ በልቅሶ አብጧል።

«አባቴ የዚህ ወንድሜ ዋስ ነበር» አለ። «ቃሉ መሬት አይወድቅም። ከዛሬ ጀምሮ ዋሱ እኔ ነኝ።»

ሽማግሌዎቹ ይባረክ አሉ። ጸሐፊውም ከሰው መሃል አንገቱን በአዎንታ ነቀነቀ። በዚያ ጉባኤ ፊት አልፈልግም ማለት፣ የሟች ቃል ከንቱ ነው፣ የልጁም ቃል ከንቱ ነው ማለት ነው። ወንድሜ እያየኝ ነው። ያለውን ትልቁን ነገር ሰጥቶኝ ምስጋናዬን ይጠብቃል። ተነሣሁ፣ ትከሻውን ሳምኩት።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት።

በማግስቱ ሾፌሩ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ቆሞ ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፋ። ሞተሩን አስነሥቼ ስለነበር አልሰማሁም ብዬ ለሰው ሁሉ ተናገርኩ። ሰምቼዋለሁ።