ከፍራሽ ቤቶቹ በላይ የነበረው ትምህርት ቤት

ባለፈው ሳምንት ሰባተኛ በሚባለው የገበያ ሰፈር መንገድ ልሻገር ስል አንድ ተሸካሚ አራት አዲስ የስፖንጅ ፍራሽ ጀርባው ላይ ደራርቦ፣ «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያለ አጠገቤ አለፈ። የፍራሾቹ ላስቲክ ገና አልተቀደደም፤ ቢሆንም ያ አፍንጫ የሚቆነጥጥ፣ ሙጫና ጎማ የተቀላቀለበት የሚመስል ሽታቸው ፊቴን መታኝና፣ ከኋላዬ የሚመጣው ሰው ትከሻዬን ገፍቶ እስኪያልፈኝ ድረስ መንገዱ መሃል ቆሜ ቀረሁ። ሌላ ሰው ይህን ሽታ ሲያሸት አዲስ ትዳር ወይም አዲስ ቤት ትዝ ይለው ይሆናል። እኔን ትዝ የሚለኝ ፊዚክስ ነው።

ተማሪ ሳለሁ እዚያው ሰባተኛ፣ ከተደረደሩት ፍራሽ ቤቶች ጀርባ፣ ዝገቱ መዳፍ የሚያቀላ የብረት ደረጃ ነበር። ደረጃውን የወጣ ሰው ቀድሞ የፍራሽ መጋዘን የነበሩ ሦስት ክፍሎች ያገኛል፤ ትምህርት ቤታችን እነዚያ ሦስት ክፍሎች ነበሩ። በሩ ላይ ስም አልተጻፈበትም፣ የሰልፍ ሜዳ የለውም፣ ዩኒፎርም የለውም፤ ደወላችን ደግሞ ርእሰ መምህሩም፣ ባለቤቱም፣ የፊዚክስና የሒሳብ አስተማሪውም የሆኑት ጋሼ ሙሉጌታ በቁልፋቸው የደረጃውን ብረት ሲመቱት የሚሰማው ቅጭልታ ነበር። ከታች ቀኑን ሙሉ ስፖንጅ ስለሚቆረጥ ቢጫ ብናኙ በመስኮት እየገባ ደብተራችን ላይ፣ ሻሻችን ላይ፣ አንዳንዴም ለማዛጋት በተከፈተ አፍ ውስጥ ያርፋል። ቤት ስገባ እናቴ ፀጉሬን እያራገፈች፣ «እናንተ የምትማሩት ፍራሽ ቤት ላይ ነው ወይስ ፍራሽ ውስጥ?» ትለኝ ነበር።

ጋሼ ሙሉጌታ ብዙ ዓመት በአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ ኖረው፣ ልጅ እየገረፉ ማስተማር አልሆንላቸው ስላለ ጥለው የወጡ ሰው ናቸው። ሌላ ትምህርት ቤት «አልፎብሻል»፣ «ረባሽ ነህ»፣ «አይገባህም» ብሎ የመለሰውን ሁሉ እየሰበሰቡ ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍል ያስተምሩ ነበር፤ ጠቅላላ ሃያ አንሞላም። እኔ ስምንተኛን እንደጨረስኩ እናቴ ታማ ሦስት ዓመት ሳስታምማት ቆይቼ፣ ልመለስ ስል «ዕድሜሽ አልፏል» የተባልኩ ነኝ። ከወሎ መጥቶ ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ጨርቅ ይሸጥ የነበረው አባቴ ስለ ትምህርት ቤቱ ከደንበኛ ሰምቶ፣ እጄን ይዞ ያንን ደረጃ አወጣኝ። «ብዙ ትምህርት አምልጧታል፤ ትችለዋለች?» ብሎ ሲጠይቃቸው፣ ጋሼ ሙሉጌታ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አዩኝና፣ «እናቷን ስታስታምም አይደል የቆየችው? እሱም ትምህርት ነው» አሉት። አባቴ በዚህች አንዲት ቃል ተሸነፈ። እኔም።

ክፍላችን ውስጥ «አልገባኝም» ያለ ተማሪ ይጨበጨብለት ነበር። መጀመሪያ ሲጨበጨብልኝ የተሳለቁብኝ መስሎኝ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም፤ በኋላ ግን ሁላችንም ጭብጨባው ጣመንና የገባንን ሁሉ አልገባንም እያልን አስቸገርናቸው። ሰበቃን፣ ማለትም ፍትጊያን፣ ያስተማሩን ወደ ታች አውርደው፣ ተሸካሚዎች ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ ጆንያ እየጎተቱ አይሱዙ ሲጭኑ አሳይተውን ነው። ከተሸካሚዎቹ አንዱ በሥራው መሃል ቆሞ፣ «ጋሼ፣ ለልጆቹ ንገሯቸው፣ ሳንቃው እርጥብ ሲሆን ጉድ ነው የሚሠራው» አለና የቀረውን ትምህርት እሱ ጨረሰው። መጽሐፍ ስላልነበረን እንግሊዝኛ ያነበብነው ከውጭ ዕቃ ካርቶኖች ላይ ነው። በዚህ የተነሳ እስከ ዛሬ «ከእርጥበት ይጠበቅ» እና «በጥንቃቄ ይያዝ» የሚሉትን በእንግሊዝኛ አሳምሬ እላለሁ፤ ፈረንጅ መንገድ ቢጠይቀኝ ግን እጄን ከመቀሰር በቀር አንድ ቃል አይወጣኝም።

ከሁላችንም የምትለየው እትዬ ሩቂያ ነበረች። እኛ አሥራዎቹ ውስጥ ስንሆን እሷ ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ቅመም ተራ የራሷ ሱቅ ያላት፣ ባለትዳር፣ የሁለት ልጆች እናት። የገባች ቀን «እዚህ እኔም ተማሪ ነኝ፣ አንቺ በሉኝ» ብላ አስጠነቀቀችን፤ እኛም አንቺ አልናት፣ «እትዬ» ግን ከአፋችን አልወጣ አለ። ደብተሯ እርድና ኮረሪማ ስለሚሸት ጋሼ ሙሉጌታ የቤት ሥራዋን በማስነጠስ ጀምረው በማስነጠስ ይጨርሱታል። ውጤት ሲሰጧት ደግሞ ትከራከራለች። «ስምንት ምንድን ነው ጋሼ? ዘጠኝ ያድርጉልኝና እንስማማ» ስትላቸው፣ «ይህ ገበያ አይደለም!» ይሏታል፤ እሷም በመስኮቱ ወደ ታች፣ ወደዚያ ሁሉ ጩኸትና ግፊያ እያሳየች፣ «እና ይሄ ምንድን ነው?» ትላቸዋለች።

ከሰባት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት ሱቁን እህቷ ትጠብቅላታለች። ለባሏ የነገረችው ቂርአት፣ የቁርአን ንባብ፣ እየተማረች መሆኑን ነው። ባሏ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ነገር ግን ሚስቱ ከልጆች ጋር ፊደል ስትቆጥር ማየቱን ለራሱ ውርደት አድርጎ የሚያይ ሰው ነበር። ለምን እንደምትማር የነገረችኝ ለእኔ ብቻ ይመስለኛል። የመጀመሪያ ልጇ በሕፃንነቱ ሲሞት አንዲት ነርስ ረጅም ነገር አስረድታት፣ ወረቀት ሰጥታት ሄደች። «ያለችኝ አንዱም አልገባኝም። አልገባኝም ለማለትም አፈርኩ» አለችኝ። ነርስ ሆና፣ የማይገባቸውን እናቶች ቁጭ አድርጋ ልታስረዳ ነበር የምትፈልገው። ለዚያ ደግሞ የአሥረኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ማለፍ ነበረባት፤ እሷም ያንን ፈተና ሰው ሐጅን እንደሚጠብቀው ትጠብቀው ነበር።

ሁለተኛው ዓመት ላይ፣ የሌላ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ለፈተና መታወቂያ ፎቶ እየተነሱ መሆኑን ሰማን። «የእኛስ ጋሼ?» ስንላቸው «በሂደት ላይ ነው» ይሉናል። ጠዋት ጠዋት ሰማያዊ ማኅደር በብብታቸው ይዘው እየወጡ፣ ከሰዓት ላብ በላብ ሆነው ይመለሳሉ። ሲያስተምሩ የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር ይረሱታል፤ አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጀርባቸውን ሰጥተውን ሰሌዳ ሲጠርጉ ቆዩ። እኛ ልጆቹ ያመማቸው መሰለን። እትዬ ሩቂያ ግን ነጋዴ ናት፤ የሚሸሽ ዓይን ታውቃለች። አንድ ማክሰኞ ደረጃው ሥር ጠብቃ እጄን ያዘችና «ነይ፣ እራሳችን እንጠይቅ» አለችኝ።

የፈተና ምዝገባ የሚካሄድበት ቢሮ የነበረችው ሴት ስማችንን ፈለገች፤ የትምህርት ቤቱን ስም ፈለገች፤ ሌላ መዝገብ አመጣች። በመጨረሻ መነጽሯን አውልቃ በሐዘን አየችን። ትምህርት ቤታችን ፈቃድ ያለው ለማጠናከሪያ ትምህርት ብቻ ነው፤ ዘጠነኛም አሥረኛም የማስተማር ፈቃድ ኖሮት አያውቅም። መፈተን ከፈለግን ሌላ ትምህርት ቤት ገብተን ከዘጠነኛ መጀመር አለብን።

እትዬ ሩቂያ፣ «ሁለት ዓመት የተማርነውስ?» አለቻት።

«መማሩን ተምራችኋል እህቴ» አለች ሴትየዋ፣ «ግን የትም አይታወቅም።»

ስንመለስ ጋሼ ሙሉጌታ ስለ ብርሃን እያስተማሩ ነበር። እትዬ ሩቂያ በሩ ላይ ቆመች፤ ቦታዋ ሄዳ አልተቀመጠችም።

«ጋሼ፣ ፈቃድ የለዎትም እንዴ?»

ጠመኔውን አስቀመጡ። ከታች ስፖንጁን የሚበላው የመጋዝ ድምፅ ይሰማ ነበር።

«ይሰጡኛል ብዬ ነበር» አሉ። «በየዓመቱ 'ለቀጣይ ዓመት' ይሉኛል። ከነገርኳችሁ ትበተናላችሁ ብዬ ፈራሁ።»

«እነዚህ ልጆች ናቸው፣ እንደገና ይጀምሩ ይሆናል» አለች እትዬ ሩቂያ። ድምፅዋ አልጮኸም፤ ብትጮህ ይሻለን ነበር። «እኔ ግን ባሌን ዋሽቼ ነው እዚህ የመጣሁት። እርስዎ ደግሞ እኔን ዋሹኝ።»

ጋሼ ሙሉጌታ እጃቸው ላይ የቀረውን የጠመኔ ዱቄት በኮታቸው ሊጠርጉ ሞከሩ፤ ኮታቸው ነጭ ሆነ። «ልክ ነሽ» ብቻ አሉ። ያን ጊዜ ሁላችንም የጠበቅነው ሌላ ነገር ነበር፤ መፍትሔ፣ ቀጠሮ፣ የሚያውቁት ባለሥልጣን፣ የሆነ ነገር። እሳቸው ግን ዞረው ሰሌዳውን መጥረግ ጀመሩ። እኛም አንድ በአንድ ደብተራችንን ሰብስበን ወረድን። በሳምንቱ ሦስቱም ክፍሎች ተመልሰው ፍራሽ ተደርድሮባቸው አየሁ።

እኔ ሌላ ትምህርት ቤት ዘጠነኛ ገባሁ። ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ምንም አልቀረኝም፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ የሚያስተምሩን ደግሞ ጋሼ ሙሉጌታ ሳንቃ ላይ ያሳዩንን ያንኑ ሰበቃ ነው፣ አሁን በዱላ። አንድ ቀን እጄን አውጥቼ «አልገባኝም» አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። ሦስት ሳምንት ቆይቼ ቀረሁ። አባቴም ደክሞት ነበርና «ይበቃል ልጄ» አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ሕይወቴ ጨርቅ መለካት ነው።

ትምህርት ቤቱ ከተዘጋ ጥቂት ወር በኋላ እናቴ ቁንዶ በርበሬ ግዢ ብላ ላከችኝና ቅመም ተራ ሄድኩ። እትዬ ሩቂያ እንደ ወትሮዋ ተቀበለችኝ፤ ሳመችኝ፤ እናቴን ጠየቀችኝ። ከባንኮኒው ሥር ደብተር አወጣች፤ አንድ ቅጠል ቀደደችና ጠቅልላ ሰጠችኝ። የራሷ ጽሑፍ ነበር፣ ያ ትልልቅ፣ እያንዳንዱን ፊደል ለብቻው የሚያስቀምጥ ጽሑፏ፤ ጠርዙ ላይ የጋሼ ሙሉጌታ ቀይ እርማት አለ። ወረቀቱን ሳየው አየችኝና፣ «ምን ላድርገው? ወፍራም ነው፣ ለጥቅልል ጥሩ ነው» አለችኝ። ከኋላዬ ሌላ ገዢ ነበር፤ ሌላ ቅጠል ቀደደች።

ጋሼ ሙሉጌታን ከዚያ በኋላ ያየኋቸው አንድ ጊዜ ነው። አውቶቡስ ተራ አካባቢ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመዋል፤ ኮታቸው ያው ነው፣ ሰውነታቸው ግን ኮቱ ውስጥ አልቋል። አወቁኝ። ፈገግ ሊሉ ጀመሩ፤ እጃቸውም ከወገባቸው ትንሽ ከፍ አለ። እኔ የሆነ ዕቃ የረሳሁ መስዬ ዞር አልኩና በሌላ ጎን ሄድኩ። ንዴት ነው ብዬ ለራሴ ነግሬዋለሁ፤ ንዴት አልነበረም። ምን እያደረግሽ ነው ብለው እንዳይጠይቁኝ ነው።

ያ ሕንፃ ፈርሶ መስታወት የለበሰ ፎቅ ተሠርቶበታል። አምና ለበዓል ቅመም ልገዛ ወደ እትዬ ሩቂያ ሱቅ ስሄድ፣ ዕድሜዋም ሰውነቷም ስለከበደ ተቀምጣ እየመዘነች፣ «ጋሼ ሙሉጌታ አረፉ፣ ሰማሽ?» አለችኝ። አልሰማሁም ነበር። እሷ ለቅሶ ደርሳለች።

«ይቅር አልሻቸው ማለት ነው?» አልኳት።

«ኧረ ወዲያ! ለቅሶ ለመድረስ ይቅርታ ምን ይሠራል?» አለች። «ልጃቸው፣ እማማ እርስዎ ማን ነዎት፣ ብላ ጠየቀችኝ። ተማሪያቸው ነኝ አልኳት። ፊቴን አየች፣ ሽበቴን አየች፣ ለወግ አመሰገነችኝ። አላመነችኝም። በምን ላሳምናት? አንቺ እንኳ አጠገቤ ብትሆኚ...»

ቤታቸው የት እንደሆነ ነገረችኝ፤ ሩቅ አይደለም፣ በእግር የሚደረስ ነው። እስከ ዛሬ አልሄድኩም። ብሄድ ልጃቸው የት ነው ያስተማሩሽ ትለኛለች፤ የማሳያት ደረጃ የለም። ምን ሆነሽ ወጣሽ ትለኛለች፤ ምንም። በሕይወቴ አንድም ሰው ደደብ ነሽ ያላለኝ ሁለት ዓመት ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ እንኳን ለእሷ፣ ለራሴም ልጆች ስነግራቸው ተረት ይመስላቸዋል።