የጀልበኞች ሜዳ ሞልቶ የታየበት ፎቶ

እኛ ከተማ ውስጥ የእናቱን ፎቶ ግድግዳው ላይ ያልሰቀለ ሰው ይገኛል። የስታዲየም ፎቶ ያልሰቀለ ግን አላውቅም። ፎቶው ሁለት ክንድ ያህል ይረዝማል፤ ሜዳውን፣ ወንበሩን፣ ሕዝቡንና ከኋላ ያለውን ሰማይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይይዛል። ጥርስ ሐኪም ዘንድ አፍህን ከፍተህ ስትተኛ ፊት ለፊትህ እሱ ነው። ለቅሶ ልትደርስ ሄደህ ከአስከሬኑ ክፍል ስትወጣም ኮሪደሩ ላይ የሚቀበልህ እሱ ነው። ባለቤቱ ሊያሳይህ ሲነሣ ሜዳውን አያሳይህም። ጣቱን ከወንበሮቹ መሐል አንዲት ነጥብ ላይ ያሳርፍና፣ «እኔ እዚህ ጋ ነኝ» ይልሃል። ነጥቧ ከጤፍ ፍሬ አትበልጥም። «አዎ፣ ቁርጥ አንተን» ማለት አለብህ፤ ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ ተብሏል።

እነዚህን ፎቶዎች የሚያነሣው ክላረንስ ዊሶኪ ነው። የእኔ የፍሬም ሱቅ ከእሱ ስቱዲዮ ጋር በአንድ ግድግዳ ስለሚዋሰን፣ እሱ ያነሣውን ሁሉ እኔ በእንጨት ከብቤዋለሁ። ለዚህ እንጀራ እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ።

ክላረንስ የተወለደው እዚሁ ፖርት ዌልደን፣ ኢሪ ሐይቅ ዳር፣ ከብረት ፋብሪካው ጀርባ ባለው የፖላንዶች ሰፈር ነው። ሥራ የጀመረው የተማሪዎችን የቡድን ፎቶ በማንሣት ነበር። ታዲያ ከዳርና ከዳር የሚቆሙት ልጆች ሁልጊዜ ግማሽ ፊት ሆነው ሲወጡ አንጀቱ አልችል አለ። ልጆቹን አስጠግቶ ማጨቅ ይችል ነበር። እሱ ግን ፎቶውን ማስፋት መረጠ። ካሜራውን ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ አድርጎ ከግራ ወደ ቀኝ በጥቂት በጥቂቱ እያዞረ ያነሣል፤ ኋላ ቁርጥራጮቹን ጫፍ ለጫፍ አጋጥሞ አንድ ያደርጋቸዋል። ግማሽ ፊት የሆነ ሰው ከዚያ ወዲህ የለም።

የከተማውንም ገጽታ ከሐይቁ ላይ ያነሣል። ከተማችን ያሏት ረጃጅም ሕንፃዎች አራት ናቸው፤ ከእነሱም አንዱ እስር ቤት ነው። አንድ ከንቲባ ለምርጫ ዘመቻው ብሎ፣ «እስር ቤቱን አውጣልኝ» ቢለው፣ «እኔ ማስወጣት አልችልም፣ ዳኛ ነው የሚያስወጣው» ብሎ መለሰለት። ክላረንስ ያልነበረን አይጨምርም፤ የነበረን አይቀንስም። ሰውም የሚገዛው ለዚህ ነው።

ለሌላም ነገር ይታወቃል። ባለ ሦስት እግሩን ይዞ ከመጣ ሕንፃው ዕድሜው አጭር ነው ይባላል። የበረዶ ሆኪ አዳራሹን አነሣው፣ ፈረሰ። የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳውን አነሣው፣ መጋዘን ሆነ። እኛ ደግሞ ቤት ቆሞ ሳለ አንወደውም፤ ሲፈርስ ግን የመጨረሻ ቀኑን ፎቶ ለመግዛት ከበሩ እስከ መንገዱ ማዶ እንሰለፋለን።

እንግዲህ የከተማው ምክር ቤት የቤዝቦል ቡድናችንን የጀልበኞችን ሜዳ አፍርሶ የመኪና ማቆሚያ ለማድረግ ድምፅ ሊሰጥ ነው በተባለ ጊዜ፣ ክላረንስ ደስ ሊለው ይገባ ነበር።

ሚስቱ በርናዲንም ይህንኑ ነገረችው። እኔ ፍሬም እየለካሁ ነበር።

«የመጨረሻ ቀን ፎቶውን ሰው ተጋፍቶ ይገዛሃል፤ ጣሪያችን ያፈስሳል እኮ፣ ክላረንስ።»

«ያፍስስ።»

«ባልዲውን የምደፋው እኔ ስለሆንኩ 'ያፍስስ' ማለት ይቀልሃል።»

«አንቺን ያየሁት እዚያ ነው።»

«ፈንዲሻ ስሸጥ። አይተህ አይተህ ሳትገዛ ሄድክ። አልረሳሁትም።»

ክላረንስ ሜዳው እንዲኖር ይፈልግ ነበር። ሌላ ምክንያት አልነበረውም።

በዚያው ሰሞን የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ትሬቨር ሃሊዴይ ወደ ስቱዲዮው መጣ። ትሬቨር ቡድኑ ባሸነፈም በተሸነፈም ቀን ፈገግታው የማይጠፋ ሰው ነው። የተሸነፈበትን ቀን ብቻ ነው ያየነው።

«ክላረንስ ወንድሜ፣ የምክር ቤቱ ሰብሳቢ ላንግዶን 'ሰው የማይመጣበት ሜዳ ምን ያደርጋል?' ይላል። አንድ ሞልቶ የፈሰሰ ስታዲየም ሥራልኝ።»

«ሰው አምጣ፣ አነሣዋለሁ።»

«ሰውማ ከሌላ ፎቶህ ቆርጠህ ትለጥፋለህ።»

«እግዚአብሔር ያላስቀመጠውን ሰው እኔ አላስቀምጥም።»

ትሬቨር ባለ ሦስት እግሩን አየ። «በእግራቸው ሄደው ቢቀመጡስ?»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ክላረንስ የግራውን ክፍል ሲያነሣ ሕዝቡ ሁሉ እዚያ ተጨናንቆ ይቀመጣል። ካሜራው ሲዞር ሕዝቡም ተነሥቶ ወደሚቀጥለው ክፍል ይሮጣል። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሜዳውን ይዞራሉ። ማንም አልተጨመረ፣ ማንም አልተለጠፈ። ክላረንስ ሜዳውን ይወደው ስለነበር፣ እምቢ የሚልበትን ምክንያት ብዙ ሳይፈልግ እሺ አለ።

ቅዳሜ ከጨዋታው በፊት ተሰበሰብን። ጀልበኞችን ለማየት የማይመጣ ሰው ፎቶ አለ ሲባል መጣ፤ ያም ሆኖ ከስምንቱ ወንበር አንዱ ቢሞላ ነው። በፎቶ ቀን ሁሉም ኋላ ነጥቡን እንዲያገኝ ከሩቅ የሚታይ ነገር ይለብሳል። የቧንቧ ሠራተኛው የካናሪ ወፍ የመሰለ ቢጫ ሙሉ ልብስ ለብሶ መጣ። ሌላው በአየር የተነፋ ዓሣ ራሱ ላይ አሰረ። ወይዘሮ ኢርማ ኮቫች የጃንጥላ ስፋት ያላት ብርቱካናማ ባርኔጣ አደረገች።

ትሬቨር ይህን ሲያይ በድምፅ ማጉያው ለመነ። «ወገኖቼ፣ ስትዛወሩ ባርኔጣ ተቀያየሩ። ኮት ገልብጡ። አንድ ሰው ሁለት ቦታ እንዳይታወቅብን።»

«ባርኔጣዬን ሰጥቼ ራሴን በምን ላገኘው ነው?» አለች ወይዘሮ ኮቫች።

«ለቡድኑ ሲሉ፣ ወይዘሮ ኮቫች።»

«ለቡድኑ ስል ዕድሜ ልኬን ስሸነፍ ኖሬአለሁ። ባርኔጣዬን ተዋት።»

ማንም አንድ ክር አልቀየረም። ክላረንስ ካሜራውን አዞረ፣ እኛም ሮጥን። ቢራ ፈሰሰ፤ ቋሊማ ከዳቦው እያመለጠ በደረጃው ተንከባለለ። ሽማግሌዎች በብብታቸው ተይዘው ተሻገሩ። የተጋጣሚው ቡድን ልጆች መጀመሪያ ሳቁብን፤ ወደ መጨረሻው ግን ቆመው አጨበጨቡልን። ከዚያ ጨዋታው ተጀመረ፤ እነሱም አሸነፉን።

ክላረንስ ፎቶውን አጋጥሞ ሲያመጣልኝ ምንጣፍ እንደሚዘረጋ ሰው መሬት ላይ ዘረጋው። አምሮ ነበር። ስታዲየሙ እንደ ማር እንጀራ ሞልቷል።

«ምን ይታይሃል?» አለኝ።

«ሙሉ ስታዲየም።»

«ለእኔም የሚታየኝ እሱ ነው። የከፋኝም እሱ ነው።»

«ሁሉም ግን የታዩት በተቀመጡበት ነው።»

«እንዲህ እያልኩ ነው አንድ ሳምንት ራሴን የደለልኩት። ካልጠየቁኝ ዝም እላለሁ። ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም።» በእሑዱ ቅዳሴ ከሌላው ጊዜ አስረዝሞ ተንበረከከ። ማንም እንዳይጠይቀው እንደሚጸልይ ገብቶኝ ነበር፤ እኔም አብሬው ጸለይኩ። እግዚአብሔር ግን ሁሉንም ጸሎት እንደተለመነው አይመልስም፤ ደግ አደረገ።

በምክር ቤቱ አዳራሽ ፎቶው በረጅሙ ታትሞ ተሰቀለ። ትሬቨር ስለ ሕዝብ ፍቅር ረጅም ንግግር አደረገ። ፐርሲ ላንግዶን ግን መነጽሩን ወደ አፍንጫው ገፍቶ ከግድግዳው ጋር ሊሳም እስኪደርስ ተጠጋ።

«ይህቺ ወይዘሮ ኮቫች አይደለችም?» አለ።

«ነኝ» አለች እሷ ከኋላ ወንበር።

«ይህቺስ?»

«እሷም እኔ ነኝ።»

«ከውጤት ሰሌዳው አጠገብ ያለችውስ?»

«እዚያ ጋ ስደርስ ደክሞኝ ነበር።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ትሬቨር ፈጠን ብሎ፣ «ብርቱካናማ ባርኔጣ ዘንድሮ ፋሽን ነው» አለ።

«ራስ ላይ ዓሣ ማሰርም ፋሽን ነው?» አለ ላንግዶን። ከዚያ ዞር አለ። «ክላረንስ፣ የልጄን ሠርግ ያነሣኸው አንተ ነህ። ሌላውን ሰው አልጠይቅም። ይህ ፎቶ እውነት ነው?»

በርናዲን የባሏን የኮት ጫፍ ያዘች። ለማስቀመጥ ይሁን ለማቆም እሷም አታውቅም። ክላረንስ ተነሣ።

«እያንዳንዱ ሰው በታየበት ቦታ ተቀምጧል። ነገር ግን ባንድ ጊዜ አይደለም። ካሜራዬን ሳዞር እየተከተሉኝ ሮጡ። ሜዳው አልሞላም ነበር። ሰዎቹ ያደረጉት የተባሉትን ነው፤ ሞልቶ እንዲታይ አድርጌ ያጋጠምኩት እኔ ነኝ።»

የትሬቨርን ጥርስ የሸፈነ ከንፈር ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየን። እኔም በልቤ፣ ሜዳው ሄደ፣ የክላረንስም ስም ሄደ አልኩ።

«ይህን ሁሉ ደረጃ ለምን ሮጡ?» አለ ላንግዶን።

«እኔ መመለስ አልችልም። ከኋላዎ ናቸው፣ ይጠይቋቸው።»

ወይዘሮ ኮቫች ወንበሩን ተደግፋ ቆመች። «ጉልበቴ በቀዶ ጥገና የተቀየረ ነው። ሐኪሙ ደረጃ ከልክሎኛል። ለመኪና ማቆሚያ ብዬ ግን አንድ እርምጃ አልሮጥም ነበር፣ ፐርሲ።»

ከዚያ በኋላ ማንም ንግግር አላደረገም፤ በምክር ቤታችን ታሪክ ይህ ራሱ እንደ ተአምር ይቆጠራል። ድምፅ ተሰጠ። ሜዳው በአንድ ድምፅ ብልጫ ዳነ። ላንግዶን ግን ድምፁን የሰጠው እንዲፈርስ ነው። ያዳነን የክላረንስ እውነት ይሁን የወይዘሮ ኮቫች ባርኔጣ እስከ ዛሬ እንከራከራለን። እኔ ስለ ሁለቱም አመስግኛለሁ።

ምክር ቤቱ በዚያው ቀን፣ ሰፊ ፎቶ ከእንግዲህ ለማስረጃነት እንዳይቀርብ ወሰነ። ውሳኔውን ለጥፈውታል፤ የለጠፉት ከዚያው ፎቶ ሥር ነው። ሕዝቡ ደግሞ ፎቶውን ከየትኛውም የበለጠ ወደደው። አንድ ጊዜ ለመታየት ስንደክም የኖርን ሰዎች ስምንት ጊዜ ታየን።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ላንግዶን ራሱ ሱቄ ገባ። ክላረንስም እዚያው ነበር።

«የኔ ቤት ግድግዳ ባዶ ነው» አለ። «ፎቶው ላይ ደግሞ እኔ የለሁም።»

«አልነበሩማ» አለው ክላረንስ።

«ጨምረኝ። ከሦስተኛው ቤዝ በላይ ካሉት ወንበሮች፣ ትንሽ ቦታ ትበቃኛለች።»

«ይምጡ፣ ይቀመጡ፣ አነሣዎታለሁ።»

«ስንት ጊዜ ነው የምሮጠው?»

«አይሮጡም። አንድ ቦታ ቁጭ ማለት ነው።»

በሚያካፋ ረቡዕ ቀን መጣ። ከሩቅ እንዲታይ ብሎ ቀይ የዝናብ ልብስ ገዝቶ ለብሷል። ጨዋታውን እስከ መጨረሻው ተቀምጦ አየ፤ ቡድናችንም ተሸነፈ። ክላረንስ ካሜራውን በዝግታ ከጫፍ እስከ ጫፍ አዞረ፤ የነበረውን አነሣ። በዚያ ክፍል ከሚስተር ላንግዶን በቀር አንድም ሰው ስላልነበረ፣ ልብሱ ቀይ ባይሆንም እናገኘው ነበር።