የእማ ያምሮት ድርሻ እንጨት

እኔ ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ፣ በማታ ትምህርት ነው፤ ከተሳሳትኩ ይቅርታ። የምጽፈው ስለ ጎረቤቴ ስለ እማ ያምሮት ነው። በአፌ ልናገረው ሲገባኝ ዝም ያልኩትን ነው እንግዲህ።

እማ ያምሮት ከፍኖተ ሰላም ዳር፣ ከላህ ወንዝ ማዶ ብቻቸውን ይኖራሉ። ገበያ ወጥተው ጌሾ ይሸጣሉ። ሰፈራችን ድሮ ገጠር ነበር፤ አሁን ከተማ ገብታችኋል ይሉናል። እሳቸው ጨዋታ አያበዙም። ከግጦሹ ዳር ያለውን ዋንዛ ግን ቅጠሉን የሚቀነጥስ ሰው አይወዱም። ፍየል ከተጠጋው በድንጋይ ያባርራሉ። ሰውም ይስቅባቸዋል።

የዋንዛውን ነገር ከእሳቸው ሌላ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት አለፈው። ሴት ልጅ ወልደው ነበር። ሴት ልጅ ክርስትና የምትነሳ በሰማንያ ቀኗ ነው፤ ልጅቱን በሰባ አንድ ቀኗ ትኩሳት ያዛት። ሕፃን ሲታመም ቄስ ተጠርቶ ቀኑ ሳይደርስም ይጠመቃል። ጎረቤት "ኧረ ቄስ ይጠራ" ቢላቸው፣ "ምን ታሟርቱብኛላችሁ! ቀኗን ጠብቃ፣ ድግሷን ደግሼ ነው የምትነሳው" አሉ። ጠላው ተጠንስሶ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ልጅቱ ሞተች።

ክርስትና ያልተነሳ ሕፃን ቤተ ክርስቲያን አይቀበርም። እድር አይወጣለትም፣ ለቅሶም አይቀመጡለትም። ባላቸው "አንቺ ነሽ" ብሎ ወጣ፤ ቡሬ ገባ፣ በዚያው ቀረ። ስለዚህ ጉድጓዱን የቆፈርኩት እኔ ነኝ። ጅብ እንዳያወጣት ጠለቅ አድርጌ፣ ድንጋይ ጫንኩበት። እሳቸው የዋንዛ ችግኝ ተከሉበት።

"ክንዱ፣ ለሰው አትንገር" አሉኝ። እሺ አልኩ። የት እንደተቀበረች የጠየቀ ሰውም የለም።

አምና ጥቅምት ላይ አሥራ አንድ ዛፍ፣ ዋንዛውም ጭምር፣ ሊቆረጥ ቀይ ቀለም ተቀባ። ለቤት ማኅበር ቦታ ሊሸነሸን፣ መንገድም ሊወጣ ነው ተባለ። እዚያው ዋንዛው ሥር ተሰበሰብን። ከከተማው የመጣችው ባለሙያ ሜላት ትባላለች፤ ልጅ እግር ናት፣ ትሕትና አላት።

የእድራችን ዳኛ ወንዳወቅ ምላሰኛ ነው። "ጥላችንን ወስዳችሁ እድርተኛው በፀሐይ ሊቀቀል ነው?" አላት።

"ጋሼ፣ ቤት ለሌለው ሰው ነው እኮ ቤት የሚሠራው።"

"እኔስ መች ቤት አጣሁ? ጥላ ነው እንጂ የማጣው!"

ሰው ሳቀ። አልጣሽ የምትባለው ጎረቤታችን የልጅ ልጇን እንዳቀፈች፣ "ከብቱስ በጠራራ የት ይረፍ? እናንተ ቢሮ ውስጥ ታስሩልናላችሁ?" አለች። እውነቴን ነው፣ ያን ጊዜ ዛፉ የሚተርፍ መስሎኝ ነበር።

ሜላት ደብተሯን ገለጠች። "መቃብር ያለበት ዛፍ ካለ ንገሩኝ። እመዘግበዋለሁ፤ መንገዱ ይዞርለታል" አለች።

እማ ያምሮት ተነሱ። ስብሰባ ላይ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

"አለ..." አሉ።

"ምን አለ እናቴ?"

ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳቡት። አልጣሽ ያቀፈችውን ሕፃን አዩ። ከዚያ እኔን አዩኝ። እኔ መሬት መሬቱን አየሁ። ምን ልበል? ሳያስጠምቁ ገደሏት ሊባሉ ነው። ደግሞ እኔ ሰው ፊት አፌ ይተሳሰራል።

"ጥላው... ጥላው ደግ ነው" ብለው ተቀመጡ።

ወንዳወቅ ወደ እሳቸውና ወደ ዋንዛው እየጠቆመ "ኧረ ባልና ሚስት አታለያዩ!" አለ። ሰው በሳቅ ፈነዳ። እሳቸውም አብረው ሳቁ።

ከዚያ ሜላት ግንዱ ለጨረታ እንደሚቀርብ፣ ቅርንጫፉ ግን ለነዋሪው ማገዶ እንደሚከፋፈል ነገረችን።

"እኩል ነው የምንካፈል?" አለ ወንዳወቅ።

"አዎ፣ በየቤቱ እኩል።"

ነገሩ በዚሁ አለቀ። የምትስማሙ እጅ አውጡ ሲባል እጅ ወጣ። ሰው ሁሉ ሲያወጣ የእኔም ወጣ። የእማ ያምሮት እጅ ነጠላቸው ውስጥ ነበር። በሙሉ ድምፅ ተብሎ ተጻፈ።

በማግስቱ የሞተር መጋዝ መጣ። እማ ያምሮት በራቸውን ዘጉ። ግሬደር መጥቶ ጉቶውን ሲገለብጠው እኔ ቆሜ ነበር። የጫንኩትን ድንጋይ አወቅሁት፤ ሥሩ ዙሪያውን ይዞታል። ሌላ ነገር ፈለግሁ። አፈር ነው።

ድርሻ ለአቅመ ደካማ እንዳደርስ እድሩ እኔን ላከኝ። የእሳቸውን ተሸክሜ ሄድኩ። ቅጠሉ ገና እርጥብ ነው።

"እማ ያምሮት፣ ድርሻዎ ነው" አልኩ።

"ከግድግዳው አስጠጋው።" እንጨቱን ሳይሆን እጄን ነው የሚያዩት። "ሥሩን አየኸው?"

"አየሁት።"

"ምን አለ?"

"ድንጋዩ።"

"ድንጋዩ ብቻ?"

"ድንጋዩ ብቻ።"

"እህ" አሉ። ምነው ያን ቀን ዝም አልክ አላሉኝም። ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

እንጨቱ ሲደርቅ ከየቤቱ የዋንዛ ጭስ ወጣ፤ ከእኔም ቤት። እሳቸው ኩበት ነው የሚያነዱ። ድርሻቸው እስከ ዛሬ ከግድግዳው እንደተደገፈ ነው። ክረምት ሲገባ ላስቲክ አለበሱት። ወንዳወቅ ባለፈ ቁጥር፣ "እማ ያምሮት፣ ይህን እንጨት ለተዝካርዎ ነው እንዴ የሚያስቀምጡት?" ይላቸዋል።

"ለድግስ ነው" ይላሉ።