ጢማሙን ጥንብ አንሣ ልናይ ወጥተን

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት ገና ካለፈ በኋላ፣ ደባርቅ በውርጭ በምትነጋበት ሰሞን ነው። ዛሬም ጉም ሲወርድ ባየሁ ቁጥር ቆም እላለሁ።

አማቴ ጋሽ ዓለሙ ዳባት ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። እኔ ሹፌር ነኝና ልጃቸውን ሳገባ ደስ አላላቸውም። ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም ነበር። ጡረታ ከወጡ ወዲህ ወፍ ማየት ይወዳሉ። አንድ ቀን ባለቤቴ፣ «አባባ ያን አጥንት ከላይ እየጣለ የሚሰብረውን ጢማም ጥንብ አንሣ ጉልበታቸው ሳይከዳቸው ማየት ይፈልጋሉ፤ አንተ ውሰዳቸው እንጂ» አለችኝ። ነገሩ ገብቶኛል፤ እንድንቀራረብ ብላ ነው።

በጠዋት ፓርኩ ውስጥ ካለው ሳንቃ በር ደረስን። ውባንተ የሚባል ስካውት፣ የፓርኩ ጠባቂ፣ ጠመንጃውን አንግቶ አብሮን ወጣ። የገደሉን አፋፍ ይዘን ሄድን። የጓሳው ሣር ገና ውርጭ እንደለበሰ ነው። ጋሽ ዓለሙ ከፊት ከፊት እየሄዱ የወፎቹን ስም ይጠራሉ፤ ለውባንተ እንጂ ለእኔ አይደለም።

ረፋዱ ላይ ወፉ መጣ። ክንፉን ዘርግቶ ከበታቻችን ሲያልፍ ጋሽ ዓለሙ «ያውና! ያውና!» እያሉ ወደ አፋፉ ተራመዱ። ወዲያው ጉም ከቆላው ተነስቶ ዋጠን። አጠገቤ ያለው ውባንተ እንኳ ጠፋኝ። ድንጋይ ሲንኮታኮት፣ ከዚያም አጭር ጩኸት ሰማሁ።

«እንዳትንቀሳቀስ!» አለኝ ውባንተ።

«ጋሽ ዓለሙ!» ብዬ ተጣራሁ። ደግሜ ጮህኩ። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀን ታየችኝ። ምን ብዬ እነግራታለሁ?

«አለሁ» የሚል ድምፅ ከእግራችን ሥር መጣ። «ቁጥቋጦ ያዘኝ። ክንዴ ግን ተሰብሯል መሰለኝ።»

ገመድ አልያዝንም። ውባንተ በሆዱ ተኝቶ ጋቢውን ቢያወርድ አልደረሰም። ምን እንደምናደርግ ጨንቆን ሳለ በመንገዱ በኩል የበቅሎ ኮቴ ሰማንና ተጣራን። አንድ ሸምገል ያሉ ቄስ በቅሏቸውን እየሳቡ ከጉሙ ወጡ። ነገሩን እንደሰሙ የጫኑትን እህል መሬት አራገፉና መጫኛ ገመዱን ፈቱ።

«ማን ነው የሚወርደው?» አሉ።

«እኔ» አልኩ። ውባንተ ከባድ ነው፤ ጉልበቱም ለመሳብ ይፈለጋል።

ጋሽ ዓለሙ ከታች ሰሙ። «ተው ልጄ! እኔ ዕድሜዬን ጠግቤያለሁ፤ እሷን ባል አታሳጣት!»

እስከዚያ ቀን ልጄ ብለውኝ አያውቁም ነበር።

መጫኛውን ወገቤ ላይ አስሬ፣ ጫፉን በቅሎዋ ላይ አጥብቀን ወረድኩ። እግሬ ትከሻቸውን ነካ። የቆሙባት ድንጋይ ሁለት ሰው በደንብ አትይዝም። መጫኛውን ከወገቤ ፈትቼ እሳቸው ላይ አሰርኩ።

«አንተስ?» አሉኝ።

«ይመልሱልኛል» አልኩና «ሳቡ!» ብዬ ጮህኩ።

ቁጥቋጦውን አቅፌ ብቻዬን ቀረሁ። ከሥሬ ነፋስ ብቻ ያፏጫል። የቁጥቋጦው ሥር ቀስ እያለ ሲላላ በደረቴ ተሰማኝ። መጮህ ፈራሁ፤ ብጮህ የሚነቀል መሰለኝ። ከላይ ቄሱ፣ «አይዞህ የእኔ ልጅ፣ እመ ብርሃን አለች፣ አይዞህ» እያሉ አላቋረጡም። መጫኛው ተመልሶ ፊቴን ሲመታኝ አለቀስኩ።

ስወጣ ጋሽ ዓለሙ በደህና እጃቸው የጃኬቴን ኮሌታ ጨምድደው ያዙኝ። ቄሱ እህላቸውን እዚያው ጥለው «እህል ይቆያል» አሉና ጋሽ ዓለሙን በቅሎዋ ላይ አስቀምጠው እስከ ሳንቃ በር አደረሱልን። ከዚያ ጭነታቸውን ፍለጋ ተመለሱ። በግርግሩ ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም፤ ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የጋሽ ዓለሙ ክንድ ድኗል፤ ትንሽ ጎበጥ ቢልም። እኔ ግን አንዳንድ ሌሊት ያ ቁጥቋጦ ሲነቀል እያየሁ እባንናለሁ። ሆኖም ያ ቀን ባይኖር ኖሮ ብዬ አላውቅም። በቀደም ስልክ ደውለው፣ «ሊማሊሞ ላይ ጭላት በዝቷል አሉ፤ አትወስደኝም?» አሉኝ።

«ከመንገድ ዳር ሆነን ከሆነ» አልኳቸው።

«እንዳልክ ልጄ» አሉ።