አሜን ሳይሆን መኪና

እዚህ ባሕር ማዶ፣ በእኛ በሐበሾቹ ቤተ ክርስቲያን የድምፁ ሰው እኔ ነኝ። መዘመር አልችልም፣ መስበክም አልችልም፤ ስለዚህ ሳውንዱን፣ ማይክና ድምፅ ማጉያውን ሰጡኝ። ከኋላ ተቀምጬ ማን እንደሚያለቅስ፣ ማን ደግሞ ስብከት ላይ እንደሚያንቀላፋ የማየው እኔ ኤሊያስ ነኝ፤ የምነግራችሁን እመኑኝ።

እሑድ እሑድ ከስብከት በኋላ የምስክርነት ሰዓት አለን። ኃላፊው ወንድም ግዛው ነው። ሱፉ የማይጨማደድ፣ ሳቁ ከፊቱ የማይጠፋ ሰው! ሕጉ አንድ ነው፤ ጸሎትህ ካልተመለሰ አትመሰክርም። «ያለቀለት ጉዳይ ይሁን፣ ሕዝቡ እንዲበረታታ» ይላል። ሕዝቡም ይበረታታል። አንዱ ጌታ ሴንቴኒያል በሚባለው የሀብታም ሰፈር ባለ ሦስት ጋራዥ፣ ሦስት መኪና የሚያሳድር ቤት ሰጠኝ ይላል፤ እልልታ። ሌላው ሁለት ሃያ አምስት በሚባለው ሀይዌይ ላይ እንደ ጥይት ሲበር ተይዞ፣ የከሰሰው ፖሊስ ፍርድ ቤት ሳይመጣ ቀርቶ ክሱ ስለተዘጋ «ጌታ ነጻ አወጣኝ» ይላል፤ እልልታ በእልልታ። ፖሊሱ ምን አግኝቶት እንደቀረ የጠየቀ ግን የለም።

እትዬ አበዛሽ ያለቀለት ጉዳይ የላቸውም። ሆቴል ውስጥ አልጋ ሲያነጥፉ ኖረው ጡረታ ሊወጡ ሲሉ ኩላሊታቸው ሥራ አቆመ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከሰፈራቸው ከሞንትቤሎ ኦሮራ ያለው ክሊኒክ ድረስ እየሄዱ ደማቸውን በማሽን ያሳጥባሉ፤ ለአዲስ ኩላሊት ተራ ይጠብቃሉ። መጀመሪያ ሰሞን ቤተ ክርስቲያኑ ሁሉ እጁን ጫነባቸው። ኩላሊቱ ሲዘገይ ሹክሹክታ መጣ። «ያልተናዘዙት ነገር ይኖር ይሆን?» ያለች አለች፤ ስሟን አልጠራም፣ ራሷን ታውቃለች። እሳቸው ሰምተው «ኃጢአትማ ሞልቶ! ግን ኩላሊት የሚያስቀማው የቱ እንደሆነ ንገሩኝና ልተወው» ብለው ሳቁ።

ማሽኑ ጋ ማን ያደርሳቸው ነበር? ከእኛ አንዱ እንዳትሉኝ። ጎረቤታቸው ሀብተጊዮርጊስ ነው፤ ኦርቶዶክስ፣ ያውም ጾም የማይገድፍ። የእኛን መዝሙር ሲከፍቱበት ድምፁን ቀነስ እያደረገ፣ አንድም ቀን ሳያጓድል ወሰዳቸው። የጤና ኢንሹራንሱ የሚልከው መኪና እመጣለሁ እያለ ሲቀር ነው እሱ የጀመረው። አሁን ግን የኤርፖርት ሥራው ወደ ጠዋት ዞረበትና ከዚህ በኋላ አልችልም አላቸው፤ እያፈረ። እጥበቱ አንድ ቀን ቢቀር ሰውነታቸው ያብጣል፣ ትንፋሽ ያጥራቸዋል። ከደጋገሙት ደግሞ ቀብር ነው።

ለእኛ ሰዎች አንድ በአንድ ነገሯቸው። ሁሉም «እንጸልያለን» አሉ። ይህች ቃል «አይመቸኝም» ለማለት ማገልገል የጀመረችው መቼ ይሆን? አንተስ ብትሉኝ፣ እኔ መኪና የለኝም፤ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ በባስ የምንከራተት ሰው ነኝ።

እሑድ ዕለት ግዛውን «ምስክርነት አለኝ» አሉት።

«ኩላሊቱ መጣ እንዴ?» አለ፣ ፊቱ በርቶ።

«ጌታ ረድቶኛል» አሉ። መጣ አላሉም፤ እሱም አላጣራም። ማይኩን በገዛ እጁ አቀበላቸው።

«ኩላሊቱ አልመጣም» ብለው ጀመሩ። ለእልልታ የተከፈተው አፍ ሁሉ እንደተከፈተ ቀረ። «ግን እግዚአብሔር አልተወኝም። ሀብተጊዮርጊስ የሚባል ልጅ ሰጥቶኝ ይኸው እስከ ዛሬ በሕይወት አለሁ። አሁን የልጁ ሥራ ተቀየረ፤ ነገ ጠዋት የሚወስደኝ የለም። እግዚአብሔር እዚህ መሃል ሰው እንዳለው አምናለሁ።»

«አሜን!» አለ አዳራሹ በሙሉ።

«አሜን ሳይሆን መኪና ነው ያልኳችሁ» አሉ።

ግዛው ከጥግ ሆኖ ጣቱን አንገቱ ላይ እያስኬደ አሳየኝ፤ ማይኩን አጥፋው ማለቱ ነው። ወይ ጉድ! እኔማ ይልቁንም ከፍ አደረግኩት። ፓስተራችን ብድግ ብለው «ለእናታችን በአንድነት እንጸልይ» ሲሉ ሕዝቡ ተገላገልኩ ብሎ ዓይኑን ጨፈነ። እንዲህ ያለ ትጋት በአዳር ጸሎትም አይቼ አላውቅ! ዓይን ሲገለጥ እትዬ አበዛሽ ከመዘምራኑ ወንበር አንዱን ስበው፣ መድረኩ ፊት ተቀምጠው፣ ማይኩን ጭናቸው ላይ አድርገዋል።

«ተባረኩ፣ ጸሎቱ ጥሩ ነው» አሉ። «እኔ እንግዲህ መልሱን ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ። መጠበቅ እችልበታለሁ።»

እኛ ግን አንችልበትም። አንዷ የሥራ ሺፍት አለባት፣ አንዱ ልጁ ራበኝ እያለ ሱሪውን ይጎትታል። ባለ ሦስት ጋራዡ ወንድም ጫማውን አተኩሮ ያያል። በዚያ ላይ አዳራሹ ኪራይ ነው፤ ከእኛ ቀጥለው ስፓኒሾቹ ምእመናን ለአምልኳቸው ይገባሉ። አንዱ ጊታሩን ታቅፎ በበሩ መስታወት አጮለቀ፤ ከኋላው ሌላ፣ ከዚያ አንዲት ሴትዮ ከነልጆቿ። ፓስተራችን ሰዓታቸውን አዩ። እትዬ አበዛሽ ነጠላቸውን አስተካክለው ይበልጥ ተመቻቹ።

በመጨረሻ ግዛው ላብ በላብ ሆኖ መጣና ጎንበስ ብሎ፣ በጆሯቸው መሆኑ ነው፣ «እትዬ፣ ነገ እኔ እወስድዎታለሁ! ረቡዕም! ዓርብም! አሁን በፈጠረዎት ይነሱልኝ!» አለ። ማይኩ ጭናቸው ላይ ነው፣ እኔም ከፍ አድርጌዋለሁ፤ ውጭ የቆሙት ስፓኒሾች ሳይቀሩ ሰሙት።

ያን ጊዜ እልልታው ቀለጠ። ግዛው ምን ያድርግ፣ እጁን አውለበለበ።

በማግስቱ ከሰዓት ደወልኩላቸው። ክፋቴን አልደብቅም፤ ያ ሱፍ እንዴት እንደተጨማደደ ልሰማና ልስቅ ነው።

«ቀድሞኝ ነው በር ላይ የቆመው» አሉ እትዬ አበዛሽ፤ ድምፃቸው ደክሟል። «አድርሼዎት ልመለስ ይላል ብዬ ነበር። ማሽኑ ጋ አጠገቤ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከዚያ ማልቀስ ጀመረ።»

«ማ? ግዛው?»

«ልጁ ልዑል ተጣልቶት ከቤት ከወጣ ወዲህ ስልኩን አያነሳለትም። ይሙት ይኑር አያውቅም። እሑድ እሑድ የሰው ደስታ እያስተናበረ ይውልና ቤቱ ሲደርስ ይደውላል፣ ይደውላል። እስከ ዛሬ ለአንድ ሰው ትንፍሽ አላለም። ለማን ይበል?»

ስልኩን ጆሮዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩ።

«ማሽኑ እስኪጨርስ ለልጁ ስንጸልይ ቆየን» አሉ። «ኤሊያስዬ፣ እኔ እኮ መኪናውን ለራሴ የለመንኩ መስሎኝ ነበር።»