ሳልሞት የተተከለልኝ ድንኳን

የሰፈራችን እድር ግቢ ከአየር ጤና አደባባይ ብዙም አይርቅም። ድንኳኑ፣ አግዳሚ ወንበሩና ድስቱ የሚቀመጥበት የቆርቆሮ መጋዘን አለው፤ ከመጋዘኑ ፊት ደግሞ አንድ ዛፍ። ከዛፉ ሥር ጡረታ የወጡ ወንዶች ከጠዋት ጀምረው ዳማ ይጫወታሉ። ጨዋታ ከተባለ ነው እንግዲህ። ካርቶን ላይ ቆርኪ እየገፉ መሰዳደብ ነው። ነፋሱ ከቆሼ፣ ከቆሻሻው ክምር በኩል ሲነሳ እንኳ አፍንጫቸውን ይዘው ይሰዳደባሉ እንጂ አይበተኑም።

እነዚህን ሰዎች እንቃቸው ነበር። አሁንም ብዙ አልተሻለኝም። ዕድሜ ልካቸውን ሲለፉ ኖረው፣ ማረፊያ ሲያገኙ የሚያውቁት አፍ መካፈት ብቻ ነው። አንዱ ስለ ኩላሊቱ ያወራል፣ ሌላው ስለ ምራቱ። ጋዜጣ ከመጣም ለመቀመጫ ነው የሚያነጥፉት።

ወደዚያ የወሰደኝ ፍርሃት ነው። ባለቤቴ ካረፈች በኋላ ቤቱ ጭር አለ። ያለኝ አንድ ልጅ ነው፤ ከከተማው ማዶ ይኖራል፣ በበዓል በበዓል ይደውላል። አንድ ቀን ሻይ ላፈላ ስነሳ ራሴን አዞረኝና ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። እዚሁ ብቀር ማን ያውቃል ብዬ አሰብኩ። ማንም። ለጎረቤት የሚነግርልኝ ሽታዬ ነው። በማግስቱ ኮቴን ለብሼ፣ ከረባቴን አስሬ እድር ግቢ ሄድኩ፤ የልጄን ስልክ መዝገባቸው ላይ አስጽፌ ከዳማ ተጫዋቾቹ ጋር ተቀመጥኩ።

በከረባቱ እስካሁን ይስቁብኛል። እኔ የመምሪያ ኃላፊ ነበርኩ፤ ሰው ቢሮዬ ሲገባ ጎንበስ ብሎ ነበር። እነሱ ግን ደንብ አላቸው፤ ዳማ ላይ የተቀመጠ ሁሉ አንተ ይባላል፣ የተሸነፈ አሸናፊው እስኪበቃው ይሰደባል፣ መቆጣት ክልክል ነው። የደረሰኝ ተጋጣሚ ደግሞ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ የነበረ፣ ጥርሱ የተሸራረፈ፣ ዛሬም ፌርማታ የሚጠራ ይመስል የሚጮህ ሰው ነው። ወር ያህል ስንጫወት አንድ ቀንም አላሸነፍኩትም። የመጨረሻው ቀን ቆርኪዎቼን ጠራርጎ ከበላ በኋላ ቀና ብሎ አየኝ።

«መምሪያ ኃላፊ ነበርክ አሉ» አለኝ። «ምኑን ነው የመራኸው? አራት ቆርኪ መምራት አቅቶህ።»

ሁሉም አውካኩ። የናቁት ያስረግዛል የሚባለው ትዝ አለኝና የባሰ ተናደድኩ። ተነስቼ ቤቴ ገባሁ፣ በሩን ቆለፍኩ፣ ስልኬንም አጠፋሁ። ድሮስ ማን ሊደውልልኝ።

ካኮረፍኩ ቀናት አልፈው ነበር። አንድ ማለዳ ምንጣፍ አጣቢዎች መጥተው የሳሎኑን ምንጣፍ ጠቀለሉት፤ አቧራው እንዳይበን በአሮጌ ብርድ ልብስ ሸፍነው፣ ለሁለት ተሸክመው ፒክአፕ ላይ ጫኑት። እኔም ዘግቼ ተመልሼ ተኛሁ። ትንሽ ቆይቶ በሩ ተንኳኳ። የትኬት ቆራጩን ድምፅ ለየሁት። ይቅርታ ሊል ነው፣ እስኪ ትንሽ ይልፋ ብዬ ዝም አልኩ። ደጋግሞ አንኳኳ። እንቅልፍ ወሰደኝ።

የቀሰቀሰኝ የድንኳን ብረት ሲጋጭ ነው። ይህን ድምፅ ሰፈር ውስጥ የማያውቀው የለም። ማን ሞተ? የእድር አባል አይደለሁም እንዴ፣ እንዴት አይነግሩኝም? የሰው ልቅሶ ላይ ግን ኩርፊያ አያምርም። ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለብሼ፣ ፊቴን እንደ ለቀስተኛ አጨፍግጌ ወጣሁ። ድንኳኑ የተተከለው እኔ በር ላይ ነው።

ሁሉም ባሉበት ደረቁ። አንዱ የያዘውን አግዳሚ እግሩ ላይ ጣለው። የእድሩ ሊቀመንበር አማተበ፣ ደግሞ አማተበ።

ነገሩን እየተቀባበሉ ነገሩኝ። ትኬት ቆራጩ የጠፋሁበትን ሊያይ ሲመጣ፣ ሁለት ሰዎች ብርድ ልብስ የለበሰ ረጅም ነገር ተሸክመው ከቤቴ ሲወጡ ከሩቅ አይቷል። ሮጦ ሳይደርስባቸው መኪናው ሄደ። ቢያንኳኳ መልስ የለም፣ ቢደውል ስልኬ ዝግ ነው። በቃ፣ ሞቷል። ይህ ሁሉ ሽማግሌ ተሰብስቦ፣ ሬሳው የት አለ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። ሥራ የፈታ ሰው ድንኳን ካለው ሟች አይቸግረውም። አፌ ላይ የመጣውን ስድብ ሁሉ አወረድኩባቸው፤ ደነዝም አልኳቸው፣ ጅልም አልኳቸው። ሊቀመንበሩ ዝቅ ባለ ድምፅ ድንኳኑ እንዲነቀል አዘዘ።

ትኬት ቆራጩ ዳር ቆሟል። እሱም ነጠላውን አዘቅዝቋል፣ ዓይኑ ደም መስሏል። ለሌላ ሰው አውርታችሁ የሰፈሩ ሁሉ መሳቂያ አድርጋችሁኝ ይሆናል አልኩት። መሬት መሬቱን አየ።

«ለልጅህ ደውለናል» አለ።

«ምን አላችሁት?»

«ምን እንለዋለን? አባትህን ትንሽ አሞታል፣ ቶሎ ና አልነው።»

እድርተኛ ደውሎ እንዲህ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ በዚህ ከተማ የማይገባው የለም። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በዚህ ቃል ነው የሚነገረው። ይህን የሰማ ሰው ጫማውን አደባልቆ ነው የሚሮጠው።

«እሱስ ምን አለ?»

የነጠላውን ጫፍ ሲያፍተለትል ቆየ። መናገሩን እንደጠላው ያስታውቃል።

«ስብሰባ ላይ ነኝ፣ ስጨርስ እመጣለሁ አለ።»

ከኋላዬ ብረት መንቀል ጀምረዋል። ዞሬ ተዉት አልኳቸው።

«ይቁም። ልጄ መጥቶ ይየው።»

የነቀሉትን ብረት መልሰው አቆሙ፣ አግዳሚዎቹን ደረደሩ፣ ዳር እስከ ዳር ተቀመጡ። ትኬት ቆራጩ አጠገቤ ተቀመጠ። መንገድ ላይ መኪና በቆመ ቁጥር ሁሉም አንገታቸውን ያሰግጋሉ፣ ከዚያ እኔን ላለማየት ሲሉ ወደ እግራቸው ያያሉ።

ሲመሽ ድንኳኑ ውስጥ ከእኔ ጋር የነበሩት እነሱ ብቻ ናቸው።